በሙሉ ጨረቃ ማግስት የሚመጣው ጨለማ፦ የጨረቃ መልክ ስለ መውጫ ሰዓቷ ምን ይናገራል?

በደቡብ ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ በሊንዲና በምትዋራ ክልሎች፣ አዝመራ ሲደርስ ብዙ ገበሬ የሚያድረው በማሳው ነው። ምክንያቱ የዱር አሳማ ነው፤ ጠባቂ ያጣ ሰብል በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በማሳው ዳር ማማ ሠርቶ ወይም ጎጆ ቀልሶ ሰብሉን ሲጠብቅ ያነጋል። አሳማውን ተከትሎ ግን አንበሳም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1990 ወዲህ በታንዛኒያ አንበሶች ከ563 በላይ ሰዎችን ገድለዋል፤ ቢያንስ 308 ሰዎችን ደግሞ አቁስለዋል።

ጥናቱን የመሩት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ክሬግ ፓከር ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ጥቃቱ የሚበዛው በየትኞቹ ሌሊቶች ነው? እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2009 ድረስ የደረሱ ወደ 500 የሚጠጉ ጥቃቶችን ከጨረቃ ዑደት ጋር አስተያዩ። በ2011 ፕሎስ ዋን በተሰኘው መጽሔት የታተመው ውጤት፣ አብዛኛው ጥቃት የሚደርሰው ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ቀናት መሆኑን አሳየ።

ውጤቱ በመጀመሪያ እይታ ግራ ያጋባል። ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ቀን ሲቀራትም ሆነ ከሞላች ሦስት ቀን ሲያልፋት፣ ከሚታየው ፊቷ 90 በመቶ ያህሉ የበራ ነው። የብርሃኗ መጠን አንድ ከሆነ፣ የፊተኛው ሌሊት ሰላም፣ የኋለኛው አስፈሪ የሚሆነው ስለ ምን ነው? መልሱን ለማግኘት ጨረቃ ምን ያህል እንደምታበራ ማወቅ አይበቃም፤ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ደግሞ አንድ ቀላል የተፈጥሮ ሕግ ነው።

መልክንም ሰዓትንም የሚወስን አንድ ማዕዘን

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። ከግርዶሽ ጊዜ በስተቀር ግማሽ አካሏ ዘወትር በፀሐይ ይበራል፤ ሌላው ግማሽ ዘወትር ጨለማ ነው። መልኳ የሚለዋወጠው ከበራው ግማሽ ወደ ምድር የዞረው ክፍል በየቀኑ ስለሚለያይ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የምድር ጥላ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም፤ የምድር ጥላ በጨረቃ ላይ የሚያርፈው በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። መልኳን የሚወስነው ከምድር ሆኖ ለሚመለከት ሰው በፀሐይና በጨረቃ መካከል ያለው ማዕዘን ነው።

ያው ማዕዘን የመውጫና የመግቢያ ሰዓቷንም ይወስናል። ምድር በዛቢያዋ ላይ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማለትም በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ጨረቃ ከፀሐይ በስተምሥራቅ 90 ዲግሪ ከራቀች፣ የምትወጣው ፀሐይ ከወጣች ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ የምትገባውም ፀሐይ ከገባች ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ ነው። 180 ዲግሪ ርቃ ፊት ለፊቷ ከቆመች ደግሞ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች።

ይህ ማዕዘን በየቀኑ ያድጋል። ጨረቃ ምድርን የምትዞረው ወደ ምሥራቅ አቅጣጫ ሲሆን፣ ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29 ቀን ተኩል ይፈጃል። በዚህ ስሌት በየቀኑ 12 ዲግሪ ያህል ከፀሐይ ትርቃለች። ምድር ያችን 12 ዲግሪ ለማካካስ ተጨማሪ መዞር አለባት፤ በዚያ መካከልም ጨረቃ ጥቂት ፈቀቅ ማለቷ አይቀርም። ድምሩ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ትናንት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የወጣች ጨረቃ ዛሬ የምትጠበቀው 1፡50 ገደማ ነው።

ነገሩን በቤት ውስጥ በብርቱካን መሞከር ይቻላል። በጨለማ ክፍል አንድ አምፖል በርቶ፣ አንድ ሰው ብርቱካኑን በተዘረጋ ክንዱ ከራሱ ከፍ አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞራል። አምፖሉ ፀሐይ፣ ራሱ ምድር፣ ብርቱካኑ ጨረቃ ነው። ብርቱካኑ በአምፖሉ አቅጣጫ ሲሆን የሚታየው ገጹ ጨለማ ነው፤ ሩብ ዙር ሲዞር ግማሹ ይበራል፤ ለአምፖሉ ጀርባውን ሲሰጥ ብርቱካኑ ሙሉ በሙሉ በርቶ ይታያል።

ለጨረቃ የሚመች ሰዓት

የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ጉዳይ እጅግ የተመቸ ነው፤ ቀኑ ከፀሐይ መውጫ፣ ሌሊቱ ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ይቆጠራልና። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓትን የሚቆጥሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ የታንዛኒያው ገበሬና የኢትዮጵያው ገበሬ ስለ ሌሊቱ ሦስት ሰዓት ሲናገሩ ይግባባሉ። ቀንና ሌሊት እኩል ለእኩል በሚሆኑባቸው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆኑ አገሮች የጨረቃ ውሎ በግምት እንደሚከተለው ነው።

አዲስ ጨረቃ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከፀሐይ ጋር ትገባለች። ሌሊቱን ሙሉ አትገኝም፤ ቀንም በፀሐይ ብርሃን ተውጣ አትታይም።

እየሞላች ያለች ቀጭን ጨረቃ፦ ጀምበር እንደጠለቀች በምዕራብ አድማስ ላይ እንደ ማጭድ ትታያለች፤ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ትገባለች።

የመጀመሪያው ግማሽ ጨረቃ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት ወጥታ፣ ፀሐይ ስትገባ አናት ላይ ደርሳ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ትገባለች።

ሙሉ ጨረቃ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወጥታ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ ደርሳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትገባለች። ሌሊቱን ሙሉ ከሰማይ የማትጠፋ እሷ ብቻ ናት።

የመጨረሻው ግማሽ ጨረቃ፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወጥታ፣ ፀሐይ ስትወጣ አናት ላይ ደርሳ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ትገባለች።

እየጎደለች ያለች ቀጭን ጨረቃ፦ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ በምሥራቅ ወጥታ ጎህ ስትቀድ ትደበዝዛለች።

በእነዚህ መካከል ያለውን ለማወቅ የጨረቃን ዕድሜ በ50 ደቂቃ ማባዛት ይበቃል። የስድስት ቀን ጨረቃ ከፀሐይ አምስት ሰዓት ያህል ትዘገያለች፤ እናም ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ትገባለች። ግማሽ ጨረቃ በቀትር ወይም በማለዳ በሰማያዊው ሰማይ ላይ መታየቷ የሚያስገርማቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ ስሌት ግን ሰዓቷን ጠብቃ የመጣች እንጂ የተሳሳተች አይደለችም።

የማማው ምስጢር

የታንዛኒያው እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ጥናቱ እንደሚለው፣ በአካባቢው ሰው ከመሸ በኋላ ከቤት ውጭ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ከጀምበር መጥለቅ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ውኃ የሚቀዳው፣ ከጎረቤት የሚመለሰው፣ ወደ ማማው የሚሄደው በእነዚህ ሰዓቶች ነው።

ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ቀን ሲቀራት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። ፀሐይ ስትገባ እሷ ከአድማስ በላይ ከፍ ብላለች፤ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩልም አትጠፋም። ምሽቱ በሙሉ በብርሃን ያልፋል። በሞላች በሦስተኛው ቀን ግን የምትወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በአምስተኛው ቀን ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ድረስ አትመጣም። ጨረቃዋ ትወጣለች፤ የምትወጣው ግን መንገደኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰው በብዛት ውጭ በሚሆንበት ሰዓት ሰማዩ ጨለማ ነው።

በዚህ ላይ የአንበሳው ረኀብ ይጨመራል። ብሩህ ሌሊት ለአንበሳ አደን አይመቸውም፤ የሚታደነው እንስሳ ከሩቅ ያየዋልና። ተመራማሪዎቹ አንበሶች በጨረቃማ ሌሊቶች ሆዳቸው ሳይሞላ እንደሚያድሩ ተገንዝበዋል። ስለዚህ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ የጨለማ ሰዓቶች የተራበ አዳኝና ገና ከደጅ ያልገባ ሰው የሚገናኙባቸው ናቸው። ብዙ ሕዝቦች ስለ ሙሉ ጨረቃ የሚናገሯቸው አስፈሪ ተረቶች ምናልባት ከዚህ የመነጩ ሊሆኑ እንደሚችሉ አጥኚዎቹ ይገምታሉ። ሙሉ ጨረቃ ራሷ ጉዳት አታመጣም፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣውን አደጋ ግን ታስታውቃለች።

ጨረቃ ያልነበረበት ሌሊት

ይኸው ሕግ በባሕር ላይም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ታይታኒክ በሰሜን አትላንቲክ ከበረዶ ተራራ ጋር ስትጋጭ፣ በመርከቢቱ ሰዓት ከምሽቱ 5፡40 ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ እንደ መስተዋት የረጋ ነበር፤ ጨረቃ ግን አልነበረችም። የዚያን ወር አዲስ ጨረቃ የዋለችው ሚያዝያ 17 ቀን ሲሆን፣ በዚያው ዕለት በፖርቱጋል፣ በስፔንና በፈረንሳይ ላይ ያለፈ የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው በአዲስ ጨረቃ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ግጭቱ የደረሰው እንግዲህ ጨረቃ ልትታደስ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ሲቀራት ነው። በዚያ ዕድሜ ያለች ጨረቃ ከጎህ በፊት ብቻ ነው የምትወጣው። በማማው ላይ የነበሩት ጠባቂዎች ጥቁሩን ባሕር የሚያዩት በከዋክብት ብርሃን ነበር፤ ባሕሩ ስለረጋም በበረዶው ግርጌ ተሰብሮ ነጭ አረፋ የሚያወጣ ማዕበል አልነበረም። መርከቢቱ ከሌሊቱ 8፡20 ሰጠመች፤ 1,500 ያህል ሰዎች አለቁ። በጀልባ ላይ ሆነው ነፍስ አድን መርከብ ይጠብቁ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሲነጋጋ ቀጭኗን ጨረቃ በምሥራቅ አዩ። ለአደጋው ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ፍጥነቱ፣ ችላ የተባሉት ማስጠንቀቂያዎች፣ የጀልባዎቹ ማነስ። የጨረቃዋ መቅረት ግን አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ሊነበብ የሚችል ነገር ነበር።

ፀሐይ ከገባች በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የጨረቃ መግቢያ ሰዓት በየዓመቱ ቤት ድረስ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ረመዳን የሚጀመርበትና ዒድ የሚውልበት ቀን የሚጠበቀው በአዲሷ ቀጭን ጨረቃ መታየት ነው። አስቸጋሪው ነገር ይህች ጨረቃ ፀሐይን ተከትላ ወዲያው መግባቷ ነው።

ጨረቃ ከፀሐይ የምትርቀው በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። አዲስ ጨረቃ ከሆነ 20 ሰዓት ቢያልፍ፣ በመካከላቸው 10 ዲግሪ ያህል ርቀት ይኖራል። አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነውና፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨረቃዋ ከአድማስ በላይ የምትቆየው ቢበዛ 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያም ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የምሽቱ ወጋገን ይወስዳቸዋል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንዦን ጨረቃ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ካልራቀች ማጭዷ ለዓይን ጨርሶ እንደማትታይ አስልተው ነበር።

በአንድ አገር ያልታየች ጨረቃ በሌላ አገር በዚያው ዕለት ልትታይ የምትችለውም ለዚህ ነው። በዋሽንግተን ፀሐይ የምትገባው በሪያድ ከገባች ከስምንት ሰዓት ያህል በኋላ ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ጨረቃ አራት ዲግሪ ተጨማሪ ትርቃለች፤ በአድማስ ላይ የምትቆይበት ጊዜም በሩብ ሰዓት ያህል ይጨምራል። ያች ሩብ ሰዓት በመታየትና ባለመታየት መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች።

በሰሜን አገሮች ሰዓቱ ለምን ይዛባል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ተመልካች ከላይ የተጠቀሱትን ሰዓቶች እንዳሉ ቢወስድ ይሳሳታል፤ ሕጉ ግን አይለወጥም። ሙሉ ጨረቃ የትም አገር ቢሆን የምትወጣው ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት አካባቢ ነው። የሚለዋወጠው የፀሐይ መግቢያ ነው። ለንደን ላይ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 3፡20 ገደማ ስለሆነ ሙሉ ጨረቃም እስከዚያ ትዘገያለች፤ በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ከቀኑ 9፡50 ገደማ ትገባለች፤ ጨረቃዋም ሠራተኛ ከቢሮ ሳይወጣ ትመጣለች። በስቶክሆልም ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ በበጋቸው እስከ ምሽቱ 4፡10፣ በክረምታቸው ከቀኑ 8፡50 ገደማ።

ከዚህ ሌላ፣ ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ ስለምትቆም የፀሐይን መንገድ በተቃራኒ ትከተላለች። ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትሄድበት በክረምታቸው ሙሉ ጨረቃ ከፍ ብላ ረጅሙን ሌሊት ታበራለች፤ በበጋቸው ደግሞ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ቶሎ ትገባለች።

የ50 ደቂቃው መዘግየትም ቢሆን አማካይ ነው። ጨረቃ በሰማይ የምትጓዝበት መስመር ከአድማስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን በየወቅቱ ይለያያል። በሰሜን አገሮች በመስከረም አካባቢ የምትሞላው ጨረቃ በየምሽቱ የምትዘገየው ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፤ በመጋቢት አካባቢ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ልትዘገይ ትችላለች። አውሮፓውያን ገበሬዎች የመስከረሟን ጨረቃ የአዝመራ ጨረቃ የሚሏት ለተከታታይ ምሽቶች ጀምበር እንደገባች ወጥታ የአጨዳውን ሰዓት ስለምታራዝምላቸው ነው።

የጨረቃን ቅርጽ አይቶ እየሞላች ወይም እየጎደለች መሆኗን መለየትም እንደ አገሩ ይለያያል። በሰሜን አገሮች እየሞላች ያለች ጨረቃ ቀኝ ጎኗ ይበራል፤ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ግራ ጎኗ ይበራል፤ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ለምድር ወገብ ቅርብ አገሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ተንጋላ ትታያለች። በየትኛውም አገር የሚያገለግለው ምልክት ሰዓቷ ነው፦ ፀሐይ ስትገባ ከሰማይ ላይ ካለች እየሞላች ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ገና ካልገባች እየጎደለች ነው።

በግዕዝ የተጠበቀው ስሌት

በጨረቃ ብርሃንና በሰዓቷ መካከል ያለውን ዝምድና ለመቁጠር ከሞከሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍሉ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ጉዞ የሚተርክ ነው። በዚያ የጨረቃ ብርሃን በ14 ክፍል ተከፍሎ፣ በየቀኑ አንድ አሥራ አራተኛ እየጨመረ በአሥራ አራተኛው ቀን ይሞላል።

በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ጥንታዊ ጥቅሎች መካከል የዚሁ ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮች አሉ። እነዚህ ጨረቃ በየሌሊቱ ምን ያህል የሌሊቱን ክፍል እንደምታበራና ምን ያህሉን በጨለማ እንደምትተው በተመሳሳይ ክፍልፋይ ይዘረዝራሉ። የ12 ሰዓት ሌሊት ለ14 ሲካፈል 51 ደቂቃ ይሆናል። የዛሬው ሳይንስ ከሚሰጠው አማካይ የ50 ደቂቃ መዘግየት ጋር ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ ቴሌስኮፕም ሰዓትም አልነበራቸውም፤ የጨረቃን መልክና የምትቆይበትን ጊዜ አንድ ላይ መቁጠር ግን በቅቷቸዋል።

የመብራት ብርሃን ሌሊቱን በሸፈነባቸው ከተሞች ይህ ዕውቀት ለኑሮ ግድ መሆኑ ቀርቷል። በሊንዲና በምትዋራ ግን አሁንም መብራት የማይደርስባቸው ማሳዎች አሉ። እዚያ ሙሉዋን ጨረቃ ያየ ሰው በማግስቱ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ 50 ደቂቃ ያህል ጨለማ እንደሚጠብቀው፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በአምስተኛው ቀን ከአራት ሰዓት በላይ እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። በእነዚያ ምሽቶች ውኃው ጀምበር ሳትጠልቅ ቢቀዳ፣ ልጆች በጊዜ ቢሰበሰቡ፣ ወደ ማማው የሚሄደውም ብቻውን ባይሄድ ለውጥ ያመጣል። ለዚህ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ጨረቃዋ የሞላችበትን ቀን ማስታወስ በቂ ነው።